ኮሶ በጠጣሁ ማግስት ያነሣሁት ብረት

በጓሮህ ማገዶ ቤት ውስጥ ብረት አስቀምጠህ ክንድህን ለማወፈር የምትደክም ወንድሜ፣ ዛሬ ዘንግህን ከመጨበጥህ በፊት ይህን አንብብ። ልከለክልህ አይደለም። እኔም አነሣለሁ። ነገር ግን ሽንቱ እንደ ጥቁር ጠላ ሆኖ ያየ፣ ከዚያም ጨርሶ የደረቀበት ሰው ዝም ቢል ኃጢአት ይሆንበታል ብዬ አምናለሁ።

የምኖረው ከየካ ሚካኤል በታች ነው። ሥራዬ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ፣ እንግሊዝኛውንም ሒሳቡንም፣ ብቻዬን ከመጽሐፍ ተማርኩ። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም የሚል እምነት ነበረኝ። ለአራቱ ሴቶች ልጆቼ ጧት ማታ የምሰብከው «ተማሩ፤ የተማረ የማንንም ደጅ አይጠናም» እያልኩ ነበር። የመጀመሪያዋ ሰናይት ያን ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ጋሽ መኮንን ከእንጦጦ ማዶ ካለው አገሩ በመጣ ቁጥር፣ «ይቺ ልጅ ደርሳለች፤ ባል የሚሆናት ሰው አለኝ» ይለኛል። እኔም «ትምህርቷን ሳትጨርስ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» እለው ነበር። በሕይወት መኖሬን እንደ ቀላል ነገር ነበር የምቆጥረው።

ብረት ማንሣት የጀመርኩት ለውበት አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አርባን አልፌ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ወደ ሰፈራችን የሚወስደውን ዳገት ሳላርፍ መጨረስ አቃተኝ። ደረቴ ገብቷል፤ ትከሻዬ ከወንበር ብዛት ጎብጧል። አንድ ቀን ከእንጦጦ የሚወርዱ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭነት አዝለው፣ የሰፈር ወሬ እያወሩ አለፉኝ። እኔ አንዲት ጃንጥላ ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። በዚያው ሰሞን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሰውነት ማጎልመስን የምታስተምር ባለ ሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነበብኳት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ጀማሪ ሰው ባዶ ዘንግ ብቻ እያነሣ ሳምንታት ማሳለፍ አለበት ይላል። ይህ ለልጆች የተጻፈ ነው ብዬ ዘለልኩት።

የማገዶ ቤቱን ግማሽ አስለቀቅሁ። ጎረቤታችን ጉደታ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሰፈሩ የእርሻ መሬት በነበረበት ዘመን አያቶቹ እዚሁ ያረሱ የየካ ተወላጅ ነው። እሱ ከአሮጌ ካሚዮን የተፈታ የብረት ዘንግ አመጣልኝ። ትልልቅ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ለቃቅሜ፣ የዘንጉን ጫፎች በመሃላቸው አቁሜ ሲሚንቶ ሞላሁባቸው። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክዬም መንጠልጠያ ሠራሁ።

ባለቤቴ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«አንተ፣ ሸክም ካማረህ እንጦጦ ወጥተህ እንጨት ተሸክመህ አትመጣም? ቢያንስ ወጥ ይበስልበታል» አለችኝ።

«ይህ ሳይንስ ነው» አልኳት።

«ሳይንስህ ማገዶዬን ዝናብ ላይ ጣለው።»

ጉደታም «ተዪው አስካለ። ከእንግዲህ ጎማ ስቀይር ክሪክ አልፈልግም፤ ተሰማን እጠራዋለሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያለው ጾም የሌለበት በዓለ ሃምሳ ነበር። ጥሬ ሥጋ በልተናል፤ እንደ ተለመደውም ኮሶ ታየኝ። የእኛ አገር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሆድ ውስጥ ያደገውን ረጅም ትል ለማስወጣት የኮሶ አበባ ተወቅጦና ተበጥብጦ በየጊዜው ይጠጣል። የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም፤ እንግዳ ቢመጣም «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ የሚቀየም የለም። እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አካሌን ልቀልብ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከእኔ ጋር የሚበላውን ላስወጣ አልኩ። ትልቅ ብልኃት መስሎኝ ነበር።

የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ጊዜ አላጣሁም። ጧት ጠጣሁ፤ ሲያስቀምጠኝና ሲያስመልሰኝ ዋለ። በማግስቱ ስነሣ ሆዴ ባዶ፣ ሰውነቴ ቀላል ሆኖ ተሰማኝ። ምንም ሳልቀምስ ማገዶ ቤት ገባሁ። ዘንጉን ትከሻዬ ላይ አሳርፌ ቁጢጥ እያልኩ እነሣ ጀመር። እግሬ ሲንቀጠቀጥ በሥዕሉ ላይ ያለውን ሰው አይና እቀጥላለሁ። ጭኔ አልታዘዝ ሲለኝ ወደ ክንዴ ዞርኩ። ፀሐይ የጣራውን ቆርቆሮ አግሎታል፤ ላቤ ይንጠባጠባል። ሰናይት በኩባያ ውኃ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ትንሽ ይጠጡ።»

«በላብ ላይ ውኃ ምች ያመጣል። መልሺው» አልኳት።

ምች የሚባለው ያላበውን ወይም ፀሐይ የመታውን ሰው ድንገት የሚይዝ፣ ራስ የሚፈልጥ ሕመም ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ነው። ሁሉን ነገር ራሴ ካልመረመርኩ የማልቀበል ሰው፣ ይህንን ግን አንድ ቀን እንኳ መርምሬው አላውቅም። መቆም እስኪያቅተኝ ሠራሁ። ግድግዳ እየተደገፍኩ ወደ ቤት ገባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲነጋ ክንዴ አልታጠፍ አለኝ። ጭኔ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ብርድ ልብስ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኛል። መጽሐፉ ጀማሪን ሰውነቱን እንደሚያመው ስለሚናገር አልደነገጥኩም። አስካለ ሸሚዜን አለበሰችኝ፤ ምሳዬንም አጎረሰችኝ። ጎረቤት መጥቶ ሲጠይቅ «ኮሶ ጠጥቶ ነው» ትላለች። ጠያቂውም «ይውረድለት» ብሎ ይመለሳል። ያቺ ቃል እሷንም እኔንም አዘናጋችን። ኮሶ ያደክማል፣ ኮሶ ያልፈሰፍሳል፤ እንግዲህ ነገ ይነሣል ተባለ።

አመሻሹ ላይ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የወረደው ሽንት ጥቁር ነበር። ቀይ ቢሆን ደም ነው እል ነበር፤ ይህ ግን ከጋን ሥር የተቀዳ ጥቁር ጠላ ይመስላል። አፍጥጬ አየሁት፤ ከዚያም አፈር በእግሬ ገፋሁበት። ለማንም አልተናገርኩም። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ጅቦቹ ከእንጦጦ በኩል ሲጮኹ እየሰማሁ፣ ከውስጤ ምን ተቆርጦ እየወጣ ይሆን እያልኩ ተጨነቅሁ። ብቻውን የተማረ ሰው ሲፈራም ብቻውን ነው።

ሲነጋ መልኩ ያው ነበር፤ መጠኑ ግን አንሷል። ያን ጊዜ ለአስካለ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ተቆጣች።

«እስካሁን የምትጠብቀው ምን ነበር? እስኪነጣ ነው?»

ጎረቤቶች ሰምተው መጡ። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸችኝ። ሌላዋ ዓይኔን ገልጣ አይታ የወፍ በሽታ ነው አለች። ጉደታ «በመኪናዬ ልውሰደው» አለ፤ እኔ ጋቢናው ላይ መውጣት ስላልቻልኩ ተሸክሞ አስገባኝ። በዚያ ሰሞን እንደ ክሪክ ይሆነኛል ያለኝ እኔ በእሱ ክንድ ላይ ነበርኩ። እሱ ግን ቀልዱን አላነሣውም፤ ዝምታውም ከሕመሜ ይልቅ አስፈራኝ።

በጤና ጣቢያው ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ተቀመጥን ማለቴ እንጂ እኔ ጭኔ ስለማይታጠፍ ግማሽ ቆሜ ግማሽ ተጋድሜ ነበር። ሕፃን የታቀፈች ሴት ቦታዋን ለቀቀችልኝ። «አባቴ፣ እግርዎን ይዘርጉ» አለችኝ። ስሟን አላወቅሁም፤ እስካሁን ግን እመርቃታለሁ።

መርፌ የሚወጋውና ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ፈጠን ያለ ሰው ነበር።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጸሐፊ ነኝ።»

«ከባድ ሥራ አይሠሩም ማለት ነው። መድኃኒት ወስደዋል?»

«አልወሰድኩም።»

መዋሸቴ አልነበረም። የጠየቀኝ ከሐኪም ስለሚታዘዝ መድኃኒት መስሎኛል። ኮሶ ለእኛ እንደ ፀጉር መቆረጥ ጊዜው ሲደርስ የሚደረግ ነገር ነው። ብረቱንም ሥራ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። እሱም በነገርኩት ላይ ተመሥርቶ፣ ኩላሊቴን ብርድ መትቶታል ብሎ መርፌ ወጋኝና፣ «ሰውነትዎ አብጧልና ውኃ አያብዙ» አለኝ።

ሁለት ቀን ጠበቅን። ሲብስብኝ ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ያለው ሐኪም ቢልሃርዝያ ይሆናል አለ፤ ከወንዝ ውኃ በቆዳ የሚገባ ትል ማለት ነው።

«ወንዝ ውስጥ ይዋኛሉ?»

«ዋና አልችልም።»

«እንግዲያው ሳያውቁ ገብተው ይሆናል» ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ።

በዚያን ቀን ሽንቴ ጥቂት ጠብታ ብቻ ሆነ። ፊቴ አበጠ፤ የበላሁት ሁሉ ይወጣል፤ አፌ የብረት ጣዕም አለው። አስካለ ከእንግዲህ የሰውን አልሰማም ብላ እንጦጦ ጸበል እንድወሰድ አደረገች። ጉደታ እንደገና ተሸክሞ ጫነኝ። ዳገቱን ስንወጣ የባሕር ዛፉን ቅጠል በመስኮቱ እያየሁ፣ በዚህ መንገድ ስመለስ በሕይወት እሆን ይሆን እል ነበር። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ቄስ ፊቴን፣ ከዚያም እግሬን ዳሰሱ። ጸበል በመስቀል ባርከው በትንሽ ጽዋ አስጎነጩኝና ወደ አስካለ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ውሰጂው።»

«አባ፣ እዚህ ሱባኤ ልናስገባው ነበር የመጣነው።»

«እግዜር እዚያም አለ። ሲድን ትመጣላችሁ፤ ሱባኤው አይጠፋም።»

የሆስፒታሉ መተላለፊያ በሰው ተሞልቶ ነበር። ተራችን ሲደርስ ያየን ሐኪም ከውጭ አገር ተምሮ በቅርብ የተመለሰ ወጣት ነው፤ ዕድሜው ለታናሽ ወንድምነት ይደርሰኛል። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔም ያንኑ መለስኩ። ጸሐፊ ነኝ፤ መድኃኒት አልወሰድኩም። ጭኔን ሲጫነው ጮህኩ። እጁን አንሥቶ አየኝ።

«ጸሐፊ ጭኑን እንዲህ የሚያደርገው ምን ነገር አለ?» አለ።

አስካለ ከኋላዬ ሆና፣ «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ብረት ያነሣል» አለች።

«የምን ብረት?»

«የመኪና። ጡንቻ አወጣለሁ ብሎ ማገዶዬን አውጥቶ ብረት ከተተበት። ኮሶ በጠጣ በማግስቱ ነው እህል ሳይቀምስ ሲቀጠቀጥ የዋለው።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ውኃ ጠጥተው ነበር?» አለኝ።

«በላብ ላይ?» አልኩት።

በዝግታ አስረዳኝ። ያልለመደ ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይቀደዳል፤ የተቀደደው ነገር ወደ ደም ይገባል፤ ደም ውኃ ባጣ ጊዜ ደግሞ ኩላሊትን ይደፍነዋል። ጥቁሩ ሽንት የራሴው ሥጋ ነበር። «በጦርነት ጊዜ በአውሮፓ ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች እንዲህ ይሆኑ ነበር» አለኝ።

«እኔ ላይ ቤት አልፈረሰም።»

«እርስዎ በገዛ እጅዎ ራስዎ ላይ ጫኑት።»

አስካለ «ይድናል?» አለችው።

«ኩላሊቱ የሞተ አይመስለኝም፤ ቆሟል። እንደገና ሊጀምር ይችላል። ደም የሚያጥብ መሣሪያ ያላቸው አገሮች አሉ፤ እኛ ዘንድ የለም። እንዳይብስ እንጠብቀዋለን እንጂ ልናስጀምረው አንችልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በመጀመሪያው ቀን ውኃ ብዙ ቢጠጡ ኖሮ እዚህ ባልደረሱ ነበር። አሁን ግን መውጫ ስለሌለው በልክ ነው የምሰጥዎት» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ አልጋ ያዝኩ። ከአልጋዬ ሥር የሽንት ጠርሙስ ተቀመጠ። ነርሷ ጧት ጧት ወደ መስኮቱ አንሥታ ታየዋለች፤ እኔ ደግሞ ጠርሙሱን ትቼ ፊቷን አያለሁ። ጥማቱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የሚሰጠኝ ውኃ አፍ ከማርጠብ አያልፍም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ብርቱካን ይዘው መጡ፤ ነርሷ ከእጄ ነጠቀችኝ። ኩላሊት ሲቆም በፍራፍሬ ውስጥ ያለው ጨው ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ሊያቆም ይችላል አሉኝ። ብርቱካን ሰው ይገድላል ቢሉኝ በፊት እስቅ ነበር።

አጠገቤ የተኙት አያ ደምሴ የሚባሉ፣ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ሽማግሌ ነበሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንት እንደ ደመወዝ ሲጠበቅ ዛሬ አየሁ» አሉኝ።

«ወሩ ረዘመብኝ፣ አያ ደምሴ።»

«አይዞህ። የመንግሥት ነገር ይዘገያል እንጂ አይቀርም።»

ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

የሕክምናውን ወጪ ለመሸፈን ሬዲዮናችን ተሸጠ። አስካለ ከቤት ሆስፒታል እየተመላለሰች ከሳች። ሰናይት ከትምህርት ቤት መልስ ታናናሾቿን ትይዛለች፤ ትምህርቷን የምታጠናው መቼ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ጠርሙሱ አሁንም ባዶ ነው። ሐኪሙ «እንጠብቃለን» ይላል። በፊት በዚህ ቃል እጽናና ነበር፤ በኋላ ግን ሌላ የሚለው ስላጣ መሆኑ ገባኝ።

በዚህ መሃል ጋሽ መኮንን መጣ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። የአልጋዬን ጫፍ ይዞ አለቀሰ። ከዚያም ዓይኑን ጠርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ተሰማ፣ ሰው ነንና የማይሆን የለም። አራት ሴቶች ይዛ አስካለ ምን ትሆናለች? እኔ አርጅቻለሁ። ያ ሰው አሁንም ሰናይትን ይፈልጋል። መሬት አለው፤ ጨዋ ነው፤ ታናናሾቿንም እይዛለሁ ብሏል። ዓይንህ እያየ እንዳራት።»

«ትምህርቷስ?» አልኩት።

«ትምህርቷን የሚያስተምራት አባት ነበራት።»

«ነበራት» ያለው አምልጦት ነው። እኔ ግን ሰማሁት። እኔ ስሞት ልጆቼ በሰው ቤት ሲበተኑ ታየኝ። ለዓመታት የተናገርኩት ሁሉ ከአንድ ጤነኛ ሰው አፍ የወጣ ትዕቢት መሰለኝ።

«እሺ» አልኩ። «ሽማግሌ ላክ።»

አስካለ እሱ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያም ሳትጮህ፣ «አንተ ገና አልሞትክም፤ እሷን ግን ቀበርካት» አለችኝ። ምግብ ያመጣችበትን ሳህን አንሥታ ሄደች። ለሰናይትም የነገርኳት እኔ አይደለሁም። በማግስቱ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ «እንዴት አደሩ?» ብላኝ ውኃዬን በልኩ ቀዳችልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ማለዳ ሆዴ ከታች ተወጥሮ ነቃሁ። ስሜቱን ረስቼው ስለነበር መጀመሪያ አዲስ ሕመም መስሎኝ ደነገጥኩ። ጠርሙሱን ሳብኩ። መጣ። ጥቂት ነው፤ ደፍርሷል፤ ግን መጣ። ቆይቶም ተደገመ። ነርሷ ስትገባ ጠርሙሱን ራሴ ወደ መስኮቱ አንሥቼ ይዤው ነበር።

አያ ደምሴ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ሲስተር፣ የዚህ ሰውዬ ደመወዝ ወጥቷል» አሏት።

በሚቀጥሉት ቀናት ወንዝ ሆንኩ። ሐኪሙ አሁን ደግሞ ይጠጡ፣ ይጠጡ ይለኛል። እብጠቴ ሲጎድል ከሥሩ የወጣው ሰውነት የእኔ አልመሰለኝም። ያወፍርልኛል ያልኩት ብረት፣ ጭኔን የልጅ ክንድ አሳክሎ መለሰልኝ። ከሆስፒታል የወጣሁት በምርኩዝ ነው፤ ክረምቱም ገብቶ ነበር።

ሳገግም ከሐኪሙ የተማርኩትን ለእናንተ ላስተላልፍ። ኮሶ የጠጣ፣ ያስቀመጠው፣ የጾመ ወይም ያተኮሰው ሰው በዚያ ሰሞን ብረት አይንካ። በላብ ላይ ውኃ ይጠጣል፤ ምች አይመጣም፤ እኔ ዛሬ ጠጥቼ አይቻለሁ። ጀማሪ ባዶ ዘንግ ያንሣ፤ ያቺን የዘለልኳትን ምዕራፍ አይዝለል። ሰውነት ማመሙ ያለ ነው፤ ሽንት ከጠቆረ ግን በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሐኪም ሲጠይቀውም ጠጅ ይሁን ኮሶ፣ ቅጠል ይሁን ብረት፣ ያደረገውን ሁሉ ይናገር፤ የትኛው እንደሚጠቅም የሚመርጠው ሐኪሙ ነው። አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ውኃ ይዛ ስትመጣ ተቀበሏት።

የቀረኝ የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ከሰው አይቆጠርም ብዬ ልጆቼን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ሐሳቤን መለወጤን እነግረዋለሁ እያልኩ ስፈራ፣ እነሱ ቀድመው መጡ። ጋሽ መኮንን ከፊት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው ገቡ። ተነሥቼ ተቀበልኳቸው።

«ኧረ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም። የመጣንበት ሲፈጸም እንቀመጣለን» አሉ።

ወጉ ይህ ነው። ሽማግሌ እሺታውን እስኪሰማ ይቆማል፤ ሽማግሌ ቆሞ ደግሞ ባለቤት አይቀመጥም። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ከአዳም ጀምረው፣ ስለ ጋብቻ ክቡርነት፣ ስለ ሰውዬው ዘር፣ ስለ መሬቱ ለምነት ተናገሩ። እኔ ምርኩዜን ይዤ ቆሜያለሁ። ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። እሺ ብል ሁላችንም እንቀመጣለን፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። አስካለ በጓዳው በር ቆማ ታየኛለች። ሰናይት ከእሷ ኋላ ነበረች።

ጉልበቴ ሲከዳኝ ሰናይት አየችው። ዱካ ይዛ በሰዎቹ መካከል አልፋ ከኋላዬ አስጠጋችልኝ። ያን ጊዜ ሽማግሌ ፊቴ ቆሞ እያለ ተቀመጥኩ።

«አልድራትም» አልኩ። «ቃል ሰጥቼ ነበር። የሰጠሁት ሞትን ፈርቼ ነው። ነውሩ የእኔ ነው፤ ካሣም ካለ እኔ እከፍላለሁ። ልጄ ግን ትምህርቷን ትጨርሳለች።»

የወንድሜ ፊት ጠቆረ።

«አንተ፣ ተቀምጠህ ነው ሽማግሌ የምትመልሰው?»

«ተቀምጬ ነው፣ ጋሼ። መቆም አልቻልኩም። እናንተም ተቀመጡ።»

ጋሽ መኮንን ነጠላውን ወደ ትከሻው መልሶ ወደ በሩ ዞረ። ያን ጊዜ ትልቁ ሽማግሌ በትራቸውን ከግድግዳው አስደገፉ፤ አግዳሚውን በእጃቸው ዳሰሱ።

«መኮንን፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል» ብለው ተቀመጡ።